መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ

ውጤቱ የመጣው በአንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ልጅቷ አንብባ ጨረሰችና ወረቀቱን የሳህን መደርደሪያው ላይ ጣል አደረገችው። እናቷ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አየችው። እናትየዋ ትምህርት ያቋረጠችው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ቢሆንም «አላለፈችም» የሚለውን ቃል ለማንበብ ከዚያ በላይ መማር አያስፈልግም።

«በስንት?» አለች።

«በአራት።»

«አራት ምን?»

«አራት ነጥብ እማዬ። አራት ብቻ።»

«አራት ነጥብ ቢጨምሩልሽ ከኪሳቸው ይጎድልባቸዋል?»

ልጅቷ ልትስቅ ሞክራ ፊቷ እምቢ አላት። እናትየዋ ጫማዋን አወለቀችና ውሃ ጣደች።

እናትየዋን ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም «ባልዲ» ነው የሚላት። ሴቶች ተኝተው የሚታከሙበትን ክፍል ማጽዳት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። የባልዲዋ እጀታ በአንድ ጎኑ ስለላላ እሷ ሳትደርስ ድምፁ ቀድሟት ኮሪደሩን ይሞላዋል፤ ሐኪሞቹም ሲሰሙት «ባልዲ መጣች፣ እግራችሁን አንሱ» ይባባላሉ። መጀመሪያ ይከፋት ነበር። ኋላ ላይ ተወችው። አክብሮት ልጨምርበት ያለ ሰው «እትዬ ባልዲ» ይላታል፤ ያም ያው ነው። በገዛ ስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ስለሆነ፣ ድንገት ቢጠሯት እንኳ ዞር የምትል አይመስላትም።

ልጅቷን ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ነርስ ትሁንልኝ ብላ የተመኘችውም ነገር አልነበረም። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ የክፍሉ በር ላይ በርጩማ ይዛ እየተቀመጠች፣ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ ነርሶቹን ከላይ እስከ ታች ስታይ አደገች። ዕድሜዋ ሲደርስ ሌላ ሙያ አላማራትም። አራት ዓመት ተማረች፤ ተመረቀች። የቀራት የሙያ ፈቃድ ፈተናው ነበር። ያለዚያ ፈቃድ የሰው ክንድ መንካት አይቻልም። ሆስፒታሉም እናቷ በምታጸዳው ክፍል አንድ ቦታ ይዞላታል፤ የሚጠብቃት ግን እስከሚቀጥለው ፈተና ብቻ ነው። እሱም አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ሁለተኛ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ እሷም ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ ሥልጠናውን እንደ አዲስ መጀመር አለባት።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ ተሰምሮባቸዋል። አንደኛው «ታካሚን መለየት» ይላል። ሁለተኛው «ስህተትን ማሳወቅ»።

«መለየት ማለት ምንድን ነው?» አለች እናትየዋ።

«ማን ማን እንደሆነ ማወቅ ነዋ።»

«ይሄ ደግሞ ያቅታል እንዴ? ዓይን አለሽ አይደል?»

«እኔ እንጃ እማዬ። ገባሁ፤ አንዲት ሴትዮ አልጋ ላይ ተኝታለች። ግድግዳው ላይ አራት ቁጥር አለ። የያዝኩት ወረቀትም አልጋ አራት ይላል። ክኒኑን ሰጠኋት። ፈታኟ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ደወሉ ተደወለ፣ ወጣሁ።»

«ታዲያ ምኑ ጋ አጠፋሽ?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት።»

እናትየዋም አላወቀችውም። በእነሱ ክፍል ሥራው የሚሠራው እንደዚያ ነው። ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም ቁጥር ተጽፏል፤ ከቁጥሩ ሥር ምስማር አለ፤ ምስማሩ ላይ ቻርቱ ይንጠለጠላል። «ስድስት ሽንት ቤት ትሂድ»፣ «አስራ አንድ ምሳዋን አልበላችም»፣ «ሦስት ዛሬ ትወጣለች» እየተባለ ነው የሚዋለው። ልጅቷ በርጩማዋ ላይ ሆና ስትሰማው ያደገችው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ሻይ ሰዓት ላይ ለልብስ አጣቢዋ ነገረቻት። አጣቢዋ ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረች፣ ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ስትቀቅል የምትውል፣ ወሬ የማያመልጣት ሴት ናት።

«ካርድ ክፍል ያለችው ቀጭኗ ሲስተር አለችልሽ አይደል?» አለች አጣቢዋ። «አምና የዘበኛውን የእህት ልጅ አስጠንታ አሳለፈቻት። እንደ እሷ የሚያውቀው የለም ነው የሚባለው።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ምነው፣ ትናከሳለች?»

«አትናከስም።»

«እንግዲያው ሂጂና ጠይቂያት። ልጅ ይዞ ምን መግደርደር ያስፈልጋል።»

ባልዲ አራት ቀን ሙሉ ዛሬ ነገ ስትል ቆየች። ካርድ ክፍሉ ከበሩ እንደተገባ በስተግራ ነው፤ በየጠዋቱ ሳታልፍበት ሥራ አትገባም። ቀጭኗ ሲስተርም በመስኮቱ አሻግራ «እንደምን አደርሽ እትዬ ባልዲ» ሳትላት የቀረችበት ጠዋት የለም። በአምስተኛው ቀን ሰላምታውን ተቀብላ እንደማለፍ ቆም አለች።

«ምነው፣ ዛሬ የእኔን ወለል ልታጥቢ ነው? ተራዬ ማክሰኞ አይደል?» አለች ሲስተር።

«አይ ሲስተር፤ የልጅ ነገር ሆኖብኝ ነው።»

«ያቺ በር ላይ ቁጭ ብላ የምታጠናዋ? ነርስ ሆነች እንዴ?»

«ልትሆን ነበር» ብላ ወረቀቱን ከጋወኗ ኪስ አወጣችላት።

ሲስተር መነጽሯን አድርጋ አነበበች። የተሰመረባቸው ቦታዎች ላይ ስትደርስ ዓይኗ ትንሽ ቆየ።

«እነዚህን ሁለቱን ነው የጣለቻቸው?»

«ሁለቱን።»

«እነሱንስ በደንብ አውቃቸዋለሁ» አለችና ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። «ከነገ ጀምሮ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ትምጣ። አንቺም አብረሽ ነይ፤ የሚተኛልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ካርድ ክፍሉ ከፊት መስኮት፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መደርደሪያዎች ናቸው። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ አንድ ጎማው የወለቀ፣ ማንም ያልፈለገው አልጋ አለ። ሲስተር ጎማው የጎደለበትን እግር በአሮጌ መዝገብ ደግፋ፣ አንሶላ አልብሳ ጠበቀቻቸው። ከበላዩ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፈች። ባልዲ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ስትተኛ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይህች ሴትዮ ማን ናት?» አለች ሲስተር።

«እናቴ።»

«እዚህ እናት የለሽም። ውጪና እንደገና ግቢ።»

ልጅቷ ወጥታ ገባች። የውሸት መድኃኒቱን፣ ከረሜላ ነበር፣ በትሪ ይዛለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን የሴት ስም አይታ «እንደምን ዋሉ፤ እርስዎ እገሊት ነዎት?» አለች።

«አዎ ልጄ» አለች ባልዲ ደከም ባለ ድምፅ።

«እትዬ፣ እገሊት ነሽ እንዴ?» አለች ሲስተር።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን አዎ አልሽ?»

«መድኃኒት ይዛ ቆማለች። አይደለሁም ብላትና ይዛብኝ ብትመለስስ?»

ልጅቷ ሳቋን ለቀቀችው። ሲስተር አልሳቀችም። «ይሄን ጻፊው» አለቻት። «ታካሚ ነጭ ለለበሰ ሁሉ አዎ ይላል። ደንቁሮም አዎ ይላል፣ ፈርቶም አዎ ይላል፣ እንቅልፍ ላይ ሆኖም አዎ ይላል። ስሙን አንቺ አትስጪው፤ ከእሱ አፍ ተቀበይው። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ የተወለዱበትን ዓመት ይንገሩኝ በይው። ከዚያ እጁ ላይ ከታሰረው የስም ቁራጭ ጋር፣ ከዚያ ከወረቀትሽ ጋር አመሳክሪው። ግድግዳው ሰው አይደለም፤ ግድግዳውን አትጠይቂው።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈችው። አራቱ ነጥብ የት እንደሄደ ያን ጊዜ ገባት።

እንዲህ ሆነው ሁለት ሳምንት ተኩል ሠሩ። ባልዲ መተኛቱን ለመደችው፤ እንደውም ሙያ አደረገችው። አንድ ቀን ጆሮዋ የማይሰማ አሮጊት ትሆናለች፣ አንድ ቀን መርፌ ስታይ የምትጮኽ ሙሽራ። ክፍሉ ውስጥ ያየቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ታወጣቸዋለች። ክኒኑን ምላሷ ሥር ደብቃ «ዋጥኩ» ስትል ሲስተር እንኳ አልነቃችባትም።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ሐሙስ ሐሙስ አልጋ ስናንቀሳቅስ እፍኝ ሙሉ ክኒን እጠርጋለሁ እኮ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማን ልናገር? ለመጥረጊያው?»

ሲስተር ተነሳች። ከዚያ ለልጅቷ መደርደሪያዎቹን አሳየቻት፤ አንዳንዱ ካርድ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ማንም እሰሪ አላላትም፤ ከራሷ ያመጣችው ነው። ካርድ ለመውሰድ የመጣ ሰው ክር ካየ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይሄድም።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት «ስህተትን ማሳወቅ» ላይ ደረሱ። ባልዲ ተኝታለች። ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሯ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንድ ታሪክ ልንገርሽ» አለቻት ልጅቷን። «መጽሐፉ ውስጥ አታገኚውም። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ነው። አንዲት ነርስ የስኳር መርፌ ይዛ ወደ አልጋ ዘጠኝ ሄደች። ዘጠኝ መስኮቱ ሥር ያለው ነው። ዘጠኝ ነዎት አይደል እማማ? አለቻቸው። አዎ ልጄ አሏት። ወጋቻቸው። ሴትየዋ ግን ስኳር የሚባል በሽታ የለባቸውም፤ የሰባት ቁጥር ታካሚ ነበሩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቃቸው፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ሐኪሙ ደርሶ በደም ሥር ስኳር ሰጣቸው፤ ተረፉ። ከሳምንት በኋላ በእግራቸው ሄደው ቤታቸው ገቡ።»

«ነርሷስ?»

«ነርሷ ለጊዜው ካርድ ክፍል ትቀመጥ ተባለች።» ሲስተር ዙሪያዋን ባሉት መደርደሪያዎች ላይ ዓይኗን አዞረች። «ጊዜው ይኸው ረዘመ።»

ልጅቷ ከደብተሯ ቀና አለች። «አልጋዎቹን ማን ለወጣቸው?»

«አልታወቀም። ሠራተኛው ሁሉ ተጠየቀ፤ ሁሉም አላየሁም አለ፤ ታካሚዎቹን የጠየቀ ግን የለም። ማንም ይሁን፣ ስም አልጠየቅኩም፤ እሱ የእኔ ነው። ግን የለወጠው ሰው ያን ዕለት አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ መርፌውም አይወጋም ነበር። በኋላም ቢተነፍስ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈል ነበር። ማሳወቅ ማለት እሱ ነው። እትዬ፣ ምነው? በረደሽ?»

«አልበረደኝም» አለች ባልዲ።

አልበረዳትም። ያን ሐሙስ አልረሳችውም፤ አንድም ሐሙስ ረስታው አታውቅም። ሐሙስ የትልቁ እጥበት ቀን ነው፤ አልጋው ሁሉ እየተገፋ መሃል ይወጣል፣ ወለሉ በሳሙና ይታጠባል፣ ሲደርቅ እየተገፋ ይመለሳል። የሰባቷ አሮጊት ያን ዕለት እጇን ይዘው ለመኗት። ልጆቻቸው የሚመጡበትን በር በመስኮት ማየት ፈልገው ነው። የዘጠኟ ሴት ደግሞ ነፋሱ አስመርሯት ነበር። ሁለቱም ወደዱት። ባልዲ ሰባትን ዘጠኝ ላይ፣ ዘጠኝን ሰባት ላይ አስገባቻቸው። ቻርቶቹ ግን ግድግዳው ላይ፣ ምስማራቸው ላይ ቀሩ። ለሲስተር እነግራታለሁ ብላ ባልዲዋን አነሳች። ያን ጊዜ ምድር ቤት ቧንቧ ፈነዳና «ባልዲ! ቶሎ ድረሺ!» ተባለች። ጉልበቷ ድረስ ረጥባ ስትመለስ ሐኪሞች መስኮቱን ከበውታል። በኋላ ነገሩን ሊያጣሩ የመጡት ሰዎች «አንቺስ ምን አየሽ?» ሲሏት «እኔ የማየው ወለል ነው» አለች። እነሱም ጻፉት። ነገሩን ሆዷ ውስጥ ቀብራ ኖረች፤ እንደምን አደርሽ ስትባልም እግዜር ይመስገን እያለች አለፈች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ ከፊት ከፊት ሄደች። በሩን ከፍተው እንደገቡ ቦርሳዋን ሳታወርድ ዞረች።

«ቧንቧ የፈነዳ ዕለት ነው አይደል? እስከ ጉልበትሽ ረጥበሽ መጥተሽ እራት ሳትበዪ የተኛሽ ዕለት። አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አስታውሳለሁ። ሲስተር ስትናገርም ፊትሽን አይቻለሁ።»

እናትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ነው።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ትነግሪያታለሽ?»

«ከፈተናው በኋላ እነግራታለሁ። ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አሁን ብነግራት ታባርረናለች፤ አንቺም ትወድቂያለሽ።»

«መጽሐፉ ወዲያው ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ ልጅ የለውም» አለች እናትየዋ።

ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞረች። ቦርሳዋን ሰቀለች። ቆይታ ግን ጀርባዋን እንደሰጠቻት «እሺ፤ ነገ ስህተት ያየ ሰው ምን ያደርጋል ብላ ስትጠይቀኝ፣ አንቺ እዚያ ተኝተሽ፣ እኔ ምን ብዬ ልመልስላት?» አለች።

በማግስቱ ባልዲ ከሰዓቷ ቀድማ ገባች። የካርድ ክፍሉ መስኮት አልተከፈተም፤ ውጪ ሰልፉ ተጀምሯል። በኋላ በር ገባች። ሲስተር ካርድ ታቅፋ ቆማለች።

«እንደምን አደርሽ እትዬ። ምነው በጠዋቱ?»

«አልጋዎቹን የለወጥኳቸው እኔ ነኝ» አለች። ሌላ መግቢያ ስትፈልግ ነበር ያደረችው፤ ሲደርስ ይህ ብቻ ወጣ።

«የትኞቹን አልጋዎች?»

«ሰባትንና ዘጠኝን።»

ሲስተር ካርዶቹን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ጫፋቸውን አስተካከለች። ውጪ አንድ ሰው መስኮቱን በጣቱ አንኳኳ።

«አስራ አንድ ዓመት» አለች። «በየጠዋቱ እንደምን አደርሽ እልሽ ነበር።»

«ይሉኝ ነበር።»

«ውጪልኝ።»

ባልዲ ስትወጣ መስኮቱ ሲከፈት ተሰማት፤ ቀጥሎ የሲስተር ድምፅ «ቀጣይ!» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ያን ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተቆልፏል። በማግስቱም ተቆልፏል። ልጅቷ ቤት ውስጥ እናቷን አልጋ ላይ አስተኝታ ብቻዋን ሞከረች፤ ግን የሚያርማት የለም፣ እናትየዋም ድምፅ መቀየሩ አልሆነላትም። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ስትላት ስሟን በደረቁ ነግራት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አጣቢዋ ስትሰማ አናቷን ይዛ «ምን አቀበጠሽ! ሁለት ሳምንት ጥርስሽን ነክሰሽ መቆየት አቃተሽ? ጡረታሽስ ቢሆን ሁለት ዓመት አይደል የቀረው?» አለቻት። ባልዲ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ልጄ ብትወድቅ የጣልኳት እኔ ነኝ ብላ ቆርጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩን ስትወለውል ቀጫጭን እግሮች ከመወልወያዋ ፊት ቆሙ። ሲስተር ናት። ካርድ ክፍል ከወረደች ጀምሮ ወደዚያ ፎቅ ወጥታ አታውቅም።

«ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት» አለች። «ሁለታችሁም። ወረቀት ያዙ።» የክፍሉን በር አሻግራ መስኮቱን አንዴ አይታ ተመልሳ ወረደች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ባልዲ እንደ ልማዷ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ሲስተር ከለከለቻት። «ተኚ አላልኩሽም። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ያየችውን ትነግርሻለች። አንቺ የክስተት ሪፖርት ጻፊ። ፈተናው ላይ የጣልሽው ይሄን ነው።»

ልጅቷ እናቷን እየሰማች ጻፈች። ስትጨርስ ሲስተር ወረቀቱን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች። «የጽዳት ሠራተኛዋ ለአሮጊቷ አዝና፦ አዝና የሚለውን ሰርዢ። ማዘኗን አይተሻል?»

«እሷ ነገረችኝ።»

«ያደረገችውን ጻፊ። ስንት ሰዓት፣ የትኛውን አልጋ፣ የት። ቀጥሎ፣ ነርሷ በቸልተኝነት፦ እሱንም ሰርዢ።»

«እሱንም?»

«ቸልተኝነት ያንቺ ፍርድ ነው። ምን አደረግኩ? ስም አልጠየቅኩም። እሱን ጻፊ፤ ያንስ ይመስልሻል? አይበቃም?»

«ቧንቧውስ? ሰበብ ይመስላል» አለች ባልዲ ከወንበሯ።

«ፈንድቷል አልፈነዳም?»

«ፈንድቷል።»

«እንግዲያው ይጻፋል፤ ከነሰዓቱ።»

አራት ጊዜ ተጻፈ። የመጀመሪያው ሁለት ገጽ ነበር፤ የመጨረሻው አስራ አንድ መስመር ሆነ። ውስጡ ደግ ሰው የለም፣ ክፉ ሰው የለም፣ ለቅሶ የለም። ባልዲ ከሥሩ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጻፈች፤ ፊደሎቿ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ፊደሎች ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ አላደጉም።

«ነገ ለአለቃሽ ስጪው» አለች ሲስተር። «እኔ አልወስድልሽም።»

የክፍሉ ዋና ነርስ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ «እትዬ፣ ይሄ ሲሆን እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ?» አለቻት። «ተቀበዪኝ ብቻ» አለች ባልዲ። ተቀበለቻት። ማኅተም ተመታበት። ከሳምንት በኋላ ባልዲ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ነርስ በሌለበት አልጋ እንዳይንቀሳቀስ የሚል ማስታወቂያም በር ላይ ተለጠፈ። ጡረታዋን ማንም አልነካባትም።

ሲስተር ማስጠናቱን ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው ቀን አንድም አላጓደለች። ለባልዲ ግን ከ«ተኚ» እና ከ«ተነሺ» ሌላ ቃል አላወጣችም። ጠዋት ጠዋትም በመስኮቱ አሻግራ ማየቱን ተወችው።

የፈተናው ዕለት ባልዲ ሥራ ላይ ዋለች። አንዱን ኮሪደር ሁለት ጊዜ ወለወለችው። ማታ ልጅቷ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ሦስተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ግድግዳው አራት ይላል፤ ወረቀቱም አራት ይላል።»

«እና?»

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ አልኳቸው። ነገሩኝ። ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም። ትሪውን አስቀመጥኩና አቆምኩ፤ ለፈታኟም አልሰጥም አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ጻፈች። እነሱ ሥራቸው መጻፍ ነው።» ልጅቷ እግሮቿን ዘረጋች። «መጨረሻ ላይ ሪፖርት ጻፉ ተባልን። ጎረቤቴ ሦስት ገጽ ሞላች። እኔ ዘጠኝ መስመር ጻፍኩና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እማዬ፣ ፈራሁ። አነሰ መሰለኝ።»

እናትየዋም ፈራች፤ ግን «አላነሰም» አለቻት።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አሁንም በአንድ ገጽ። ልጅቷ ማለፊያውን በአስራ ዘጠኝ ነጥብ በልጣለች። እናትየዋ ወረቀቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ አየችውና «እንግዲህ አራቱን መልሺላቸው» አለች። ይሄኔ ሁለቱም ያን ቀን የቀረባቸውን ሳቅ ሳቁ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ጠዋት ባልዲ ከመውጣቷ በፊት ወረቀቱን አጥፋ ጋወኗ ኪስ ከተተችው። ካርድ ክፍል ደርሳ በኋላ በር ገባችና ሳትናገር ለሲስተር ዘረጋችላት። ሲስተር መነጽሯን አደረገች። አነበበች። ሁለቱ ቦታዎች ላይ መስመር እንደሌለ አየች።

«መቼ ትጀምራለች?»

«ሰኞ።»

«እሺ» ብላ ወረቀቱን መለሰችላትና ተነሳች። ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ሄዳ፣ ቁጥር ሳታይ፣ አንድ ያረጀ ካርድ ሳበች። የዚያች የመስኮቷ አሮጊት ካርድ ነው። ማኅተም ያለበት የሪፖርቱ ግልባጭ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ ለማኖር ወደ እሷው ነው የተላከው። ካርዱን ገልጣ የዚያን ሐሙስ ገጽ አገኘች፣ አስራ አንዱን መስመር ከጀርባው አስገባች፣ አሰረችው፣ ቦታው መለሰችው። ሁሉንም እንደ ማንኛውም ወረቀት አደረገችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር» አለች ባልዲ። መልስ አልጠበቀችም፤ የትልቁ እጥበት ቀን ነው፣ ብዙ ይቀራታል። ከእንግዲህ አልጋ ከመገፋቱ በፊት እያንዳንዱን ቻርት ከምስማሩ አውርዳ ለተረኛዋ ነርስ በእጇ ማስረከብ አለባት፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት ይጨምርባታል። ባልዲዋን አንስታ ወደ ደረጃው አመራች። እጀታው ተንኳኳ፣ ሰልፉ መንገድ ለቀቀላት።

ከኋላዋ አንድ ሰው የሴት ስም ጠራ፤ ከነአባት ስሟ። ባልዲ ሁለት እርምጃ ሄደች። ስሙ ድጋሚ ተጠራ። ሰልፉ ላይ ያለ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ነው ቆማ የዞረችው።

ሲስተር በመስኮቱ ብቅ ብላ ታያታለች።

«እንደምን አደርሽ» አለቻት፤ ወዲያውም ወደ ሰልፉ ዞራ «ቀጣይ!» አለች።